ሞተ ብለን የተሸከምነው እሳት

እርዳታ ክፉ ነገር ነው ብዬ ብጀምር፣ ገና ከመጀመሪያው መስመር "ይኼ ሰውዬ ምን ነካው?" ብላችሁ ታልፉኛላችሁ። ስለዚህ እንደዚያ አልልም። እርዳታ ደግ ነገር ነው። ያለ ጎረቤት ኑሮ፣ ያለ እድር ሞት፣ ለጠላትም አይስጥ። እኔ ራሴ የእድር ዳኛ ነኝ፤ ይህን እኔ ካልመሰከርኩ ማን ይመስክር? ነገር ግን (ይህ "ነገር ግን" የሚሉት ቃል ስንቱን ምስክርነት ገደል ከቷል!) በዚህ ዕድሜዬ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ሰው ብቻውን ሲሳሳት ስሕተቱ ልክ አለው። ይደክመዋል፣ ይጠራጠራል፣ አቅም ያንሰዋል፣ ቆም ይላል። ተሰብስቦ፣ ተዛዝኖ፣ "አይዞህ" እየተባባለ ሲሳሳት ግን የሚያቆመው የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሰምታችኋል። ድሩ አብሮ አንበሳውን እየጎተተ ቤት ሲያስገባ ግን አላያችሁ ይሆናል። እኔ አይቻለሁ። ከጎታቾቹም አንዱ ነበርኩ።

የምኖረው ፀዳ ነው፤ ከጎንደር ደቡብ ጫፍ፣ አዘዞ አጠገብ። ከተማው እዚህ ሲደርስ ይደክመዋል መሰለኝ፤ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ማሳ፣ ግማሹ ደግሞ አጥር ብቻ ነው። "ሦስት ግማሽ ከየት መጣ?" የምትል አንባቢ ካለህ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ፊዚክስ እንጂ ሒሳብ አይደለም። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም "መምህር" ነው የሚለኝ። አምፖል ሲቃጠል መምህር፣ ቴሌቪዥን አልታይ ሲል መምህር፣ ቆጣሪ ሲጮህ መምህር። እኔም ተጠርቼ "አላውቅም" ብዬ አላውቅም። "አላውቅም" ማለት እኮ ለጡረተኛ ሁለተኛ ጡረታ ነው።

ጎረቤቴ ደሳለኝ በፊት ባጃጅ ነበረው። ቤንዚን በከተማችን ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ደሳለኝ ሁለት ቀን ተሰልፎ አንድ ቀን የሚሠራ ሰው ነበር። በመጨረሻ ባጃጁን ሸጠ፣ የሚስቱን የእናኑን ቋጠሮ አስፈታ፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ይዞ ከተፍ አለ። የነፍስ አባቱ ጠበል ረጩለት። እናኑ እልል አለች። እኛም ዙሪያዋን ዞርን፣ በሯን ከፍተን ዘጋን፣ ጎማዋን በእግራችን መታ መታ አደረግን፤ ጎማው ሳይረገጥ የሚመረቅ መኪና መቼም የለም። ድምፅ ስለሌላት አህዮች መንገድ አይለቁላትም ነበር። ደሳለኝ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ኧረ በእናንተ!" እያለ አህያ ሲለማመጥ ማየት የሰፈሩ ጨዋታ ሆኖ ከረመ።

የምረቃው ዕለት አንዱ "እሳት አታመጣም ግን?" ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"ቤንዚን የላት፣ ናፍጣ የላት፣ ምኗ ይቃጠላል?" አልኩ።

ተሳቀ፤ ጥያቄው ተዘጋ። ጠያቂው ራሱ "እውነት ነው እኮ" ብሎ በራሱ አፈረ። አያችሁ፣ አላዋቂ ሲሳሳት የሚጎዳው ራሱን ነው፤ "አዋቂ ነው" የተባለ ሰው ሲሳሳት ግን ሰፈሩን ሁሉ አሳፍሮ ነው የሚሄደው።

ጥቅምት ላይ ደሳለኝ ተሳፋሪ ይዞ ወደ ቁስቋም ሲወጣ፣ ከመንገዱ አግጥጦ የወጣ ድንጋይ የመኪናዋን ሆድ መታው። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ ከወለሉ ስር እንደ ፍራሽ የተነጠፈ ነው። የሸጠለት ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ "ሆዷ ከተመታ ሳታስመረምር ቻርጅ እንዳታደርጋት" ብሎ አስጠንቅቆት ነበር። መርማሪው ያለው ግን አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ ደግሞ… መንገዱን ተዉት። ስለዚህ ደሳለኝ ቅርብ ያለውን አዋቂ ጠራ። ማንን መሰላችሁ? ኮቴን አውልቄ፣ በጀርባዬ ተኝቼ ከስሯ ገባሁ። ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው በጣቴ አንኳኳሁ። አንድ ቦታ ላይ ጎድጎድ ብላለች።

"ጭረት ናት፣ ሥራህን ሥራ" አልኩት። እሱም መረቀኝ። ሥራውንም ሠራ።

በዚያው ሰሞን አባቱ አያ ገብሬ ከጭልጋ መጡ። ጉልበታቸውን ለመታከም ነው። ሰማንያ ዓመት የተጠጋቸው፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ጨዋታቸው ቁጥብ ገበሬ ናቸው። ደሳለኝ ከግቢው በር ቀጥሎ ያለችውን ክፍል ለቀቀላቸው፤ ደረጃ የላት፣ ፀሐይ የምታስገባ መስኮት አላት፣ ለጉልበት ሕመምተኛ ትመቻለች። ሐኪሙ አንድ ወር ይቆዩ አለ። እሳቸው ግን ቀን ይቆጥሩ ነበር፤ ጤፉ ሳይወቃ ጭልጋ መድረስ ነው ሐሳባቸው። "ልጆቹ አውድማ መለቅለቅ አያውቁበትም" ይሉኝ ነበር በአጥር ላይ ስናወራ። ከተማው አልተስማማቸውም፤ ይሁን እንጂ አንድ ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም። ምግቡ ሸጋ፣ አልጋው ሸጋ፣ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ሲቀመጡም "ሸጋ ነው፣ ዓይን ያርፋል" ይላሉ። እንግዳ ናቸዋ! በልጅም ቤት ቢሆን እንግዳ እንግዳ ነው።

ኅዳር ውስጥ፣ እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ከቅዳሴ ተመልሰን ገና ነጠላችንን ሳናወርድ የእናኑ ኡኡታ ተሰማ። ወጣን። መኪናዋ ያን ዕለት፣ እግዜር ሲጠብቅ፣ ከግቢው ውጭ ሜዳው ላይ ነበር የቆመችው፤ የቻርጁ ገመድ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ። መጀመሪያ የሰማሁት ፉጨት ነው። ቀጥሎ ነጭ ጭስ ወጣ፤ ከዚያ እንደ ተልባ መንጣጣት፤ ከዚያ ከሆዷ ስር ወደ ጎን የሚተፋ ነበልባል። እኛ የምናውቀው እሳት ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ይህ ግን ወደ እግራችን መጣ።

የሰፈሬን ሰው ላማው አልፈልግም። እንደዚያ ዕለት ኮርቼበት አላውቅም። አንዱ ገመዱን ነቀለ፣ ሴቶቹ ጀሪካን ተቀባበሉ፣ ልብስ ሰፊው አፈር በባልዲ ደፋ፣ ብየዳ የሚሠራው አስናቀ የብየዳ መነጽሩን አጥልቆ ከሁላችንም ቀድሞ ቀረበ። ያ ሁሉ ውኃ ግን ላዩን ነው የሚያረጥበው፤ እሳቱ ያለው ከውስጥ ነው። የእሳት አደጋ መኪና ሲደርስ አንዱ ጎረምሳ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ብሎ ተረተ። ጅቡ ግን አልሄደም ነበር። ሰዎቹ የያዙትን ውኃ ሁሉ ከስሯ እየላኩ ብዙ ከታገሉ በኋላ ጸጥ አለች። የኋላ ግማሿ ከስሏል። የፊት ግማሿ ነጭ እንደሆነ ተርፏል። "እንዲያው ግማሹን እንኳ አተረፈው!" ብለን አመሰገንን። ጉዱ ያለው ከተረፈው ግማሽ ውስጥ መሆኑን ማን አውቆ።

የእሳት አደጋዎቹ ኃላፊ ፊቱ ጥላሸት የለበሰ ለጋ ሰው ነው። ሰብሰብ አድርጎ ነገረን፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"ጠፍቷል ብላችሁ እንዳትታለሉ። የተረፈው ባትሪ በውስጡ እየሞቀ ይቆያል። ዛሬም ነገም ተመልሶ ሊነሳ ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን እዚሁ ሜዳ ላይ ይቆይ። ከቤት ይራቅ፣ ከሰው ይራቅ።"

"እሺ" አልን በአንድ ድምፅ። እሺ ማለት መቼም አይቸግረንም። ሌላ ጥሪ ነበረባቸውና ሄዱ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ጥፋቱ የሚጀምረው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። በእኛ ዘንድ ንብረት የተቃጠለበት ሰው ሐዘንተኛ ነው። ከእድሩ ዕቃ ቤት ድንኳን አስወጣሁ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ሰዉ እየገባ "እንኳን በሰው አልደረሰ"፣ "ንብረት ይተካል"፣ "እግዜር በሌላ ይካስህ" ይላል። ደሳለኝ መሐል ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ግን መቀመጥ ብቻ አይሆንልንም። ሞት ሲሆን የምንሸከመው ሬሳ አለ፣ የምንቆፍረው ጉድጓድ አለ፤ ትከሻችን ሲደክም ነው ልባችን የሚያርፈው። እዚህ ግን ሐዘንተኛው አለ፣ ድንኳኑ አለ፣ የምንሸከመው ነገር የለም። ዓይናችን አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ሄደ።

"እንዴ! የሰው ንብረት ሜዳ ላይ ሊያድር ነው?" አለ አንዱ።

"የመድን ሰው ነገ መጥቶ ሳያያት ብረት ለቃሚ ብሎኖቿን ቢያራግፋትስ?" አለ ሌላው።

"እኛ ሞተናል ወይ?" አለ ሦስተኛው። ይህ ጥያቄ በሀገራችን መልስ የለውም። "እኛ ሞተናል ወይ?" ከተባለ ያ ነገር ይደረጋል።

ደሳለኝ ቀና ብሎ "ሰውየው ሜዳ ላይ ይቆይ ብሏል እኮ" አለ። ልብ አድርጉ፤ ብሏል። ከአርባ ወንድ መሐል እውነቱን የተናገረው ባለ ጉዳዩ ብቻ ነው። ነገር ግን ሐዘንተኛ ተናግሮ ተሰምቶ ያውቃል? "አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ እኛ አለንልህ" ነው መልሱ። ደግሞም እንደ ልማዱ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

እዚህ ላይ ቃሌን ብቀንስ፣ ባሳምር፣ ባለሳልስ ደስ ባለኝ። ግን እንደተናገርኩት ልጻፈው፤ ቢያንስ ይህን ያህል ዕዳ አለብኝ። "ባትሪ ማለት ዕቃ ነው" አልኩ፤ ቾክ እንደያዝኩ ሁሉ ጣቴን አንስቼ። "በውስጡ የነበረው ኃይል ያ ያያችሁት እሳት ነው። ወጣ፣ አለቀ። ባዶ ዕቃ ምን ያመጣል? የእሳት አደጋው ልጅ ነገር ጥንቃቄ ነው፤ መመሪያ ስለሆነ ይላል።" ግማሹ ባትሪ ሳይነካ መቅረቱን በዓይኔ እያየሁ ነው ይህን ያልኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ "የምታዩትን መዝግቡ" እያልኩ ተማሪ ስገርፍ የኖርኩ ሰውዬ!

የኋላ ጎማዎቿ ቀልጠዋል፤ አትገፋም። ስለዚህ የእድሩን የድንኳን ምሰሶዎች አምጥተን ከስሯ አስገባንና አርባ ወንድ ሆነን ተሸከምናት። ግማሹ ተሸከመ፣ ግማሹ ገፋ፣ ሴቶቹ የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፈቱ። "በሉ! ኧኸ! በሉ! ኧኸ!" የተጣሉ ጎረቤታሞች በአንድ ምሰሶ ስር ትከሻ ለትከሻ ሲገጥሙ አየሁ፤ ታርቀው ቀሩ፣ እስካሁንም እንደታረቁ ናቸው። ግቢው ጠባብ ነው፤ ክፍት ቦታ ያለው አያ ገብሬ ከሚተኙባት ክፍል መስኮት ስር ብቻ ነው። እዚያ አሳረፍናት። ሸራ አለበስናት። ላባችንን ጠርገን ተያየን። እውነት ልንገራችሁ? ደስ ብሎኝ ነበር። ከሜዳ ላይ ማንንም የማትነካ እሳት አንስተን፣ ተሸክመን፣ ሽማግሌ ራስጌ አስቀመጥን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ አይደል?

አመሻሹ ላይ አያ ገብሬ በምርኩዛቸው እየተመረኮዙ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ሸራውን ብዙ ካዩ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሌላው እንዳይሰማ አድርገው ጠየቁኝ።

"መምህር፣ ከሰል አክስለህ ታውቃለህ?"

"ኧረ አያ ገብሬ፣ እኔ ከየት አውቄ!"

"ከሰል ሞተ ሲሉት አይሞትም። ቀዘቀዘ ብለህ፣ በጆንያ ሞልተህ፣ ጎተራ ስር ታስቀምጠዋለህ። በሦስተኛው ቀን ጎተራው የለም። ምነው ይችን ማኪና ከመስኮት ስር አመጣችኋት?"

ሳቅኩ። በንቀት አልሳቅኩም፤ የሚወደውን ሽማግሌ የሚያስተምር ሰው ሳቅ ነው የሳቅኩት። ምናልባት ይኼ ከንቀት ይብሳል። "ከሰል ሌላ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሌላ ነው አያ" አልኳቸው፤ ከዚያም ስለ ኃይልና ስለ ባዶ ዕቃ ያልኩትን ደገምኩላቸው። በዙሪያው ያሉትም ሰምተው በፍቅር ፈገግ አሉ። አያ ገብሬ በምርኩዛቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

"እንግዲህ እናንተ ካላችሁ ሸጋ ነው" አሉና ሊተኙ ገቡ።

"አልጋዬን ወደዚያኛው ክፍል ውሰዱልኝ" ቢሉ አርባ ሰው ዘሎ ይነሳ ነበር። አላሉም። በልጃቸው ግቢ፣ የልጃቸውን ጎረቤቶች፣ ያውም ለልጃቸው ሲደክሙ የዋሉትን፣ "አላምናችሁም" ብሎ ማሳፈር ሆኖ ታያቸው። እኔ ሳላውቅ እውቀቴ እንዳይደፈር ተናገርኩ፤ እሳቸው እያወቁ እኔ እንዳላፍር ዝም አሉ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ስንት ሰው እንደቀበረ የቆጠረ የለም።

ሰኞ ጠዋት ምንም የለም። ሸራው እንደተነጠፈ ነው። የመድን ሰው ከሰዓት እመጣለሁ አለ። ደሳለኝ የመኪናዋን ወረቀት ሊያስገለብጥ ፒያሳ ወጣ። እናኑ ገበያ ሄደች። ድንኳኑን የሞሉት ሰዎች ሁሉ በየሥራቸው ላይ ናቸው፤ ሐዘንም የሥራ ቀን ያውቃል። አያ ገብሬ ጉልበታቸው አብጦ ተኝተዋል። እኔ ቤቴ ምሳዬን ልበላ እጄን ታጥቤ ስቀመጥ ያ ፉጨት መጣ።

አወቅኩት። የመጀመሪያዋን ጉርሻ እንኳ አላነሳሁም። እጄ እንደረጠበ ሮጥኩ።

ስደርስ ሸራው ነዶ አልቋል። ነበልባሉ ወደ ጎን፣ እንደ ትናንቱ፣ በመስኮቱ እየተላከ ክፍሉ ውስጥ ይገባል። የክፍሉ በር ከመኪናዋ ሦስት እርምጃ ነው፤ በዚያ በኩል መጠጋት አይታሰብም። ከውስጥ ሳል ይሰማል። "አያ ገብሬ! አያ ገብሬ!" እያልኩ እጮሃለሁ፤ ምን እንዲያደርጉ እንደምጠራቸው አላውቅም። እግዜር ይስጠው አስናቀ ዶማ ይዞ በጓሮ በኩል ዞረና የጭቃውን ግድግዳ ይንደው ጀመር። እኔም በእጄ ጭቃውን እየቧጨርኩ ነበር። ጠንካራ ግድግዳ ነው። ደሳለኝ ራሱ ነው ያቦካው፤ ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው። ያን ዕለት ጥሩ ሥራ ጠላሁ።

ስናወጣቸው ነፍስ አለቻቸው። ፊታቸው ጠቁሯል፣ ዓይናቸው ይፈሳል። እጄን ይዘው "ደሳለኝ እውስጥ ገባ ወይ?" አሉኝ። "የለም አያ፣ እሱ ፒያሳ ነው" ስላቸው "ተመስገን" አሉና መሳል ቀጠሉ። ቤቱ ከኋላችን ኮርኒሱ ወረደ፣ ጣሪያው ተቆለመመ። የእሳት አደጋዎቹ ሲደርሱ ያው ለጋ ኃላፊ ነው ከፊት የወረደው። መኪናዋ የት እንዳለች አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ቱቦውን ይዞ ወደ ሥራው ሄደ። ቢሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ!

ሐኪሞቹ ጭሱ ሳንባቸውን እንደጎዳው ነገሩን። የባትሪ ጭስ እንደ ማገዶ ጭስ አይደለም አሉ፤ መርዝ አለው። ሦስት ቀን ታገሉ። ሐሙስ ከሰዓት አያ ገብሬ ዐረፉ።

ጥሩምባ ተነፋ። ድንኳን ልንተክል ስንወጣ ለመትከል ቤት የለም፤ ስለዚህ ሜዳው ላይ ተከልነው፤ መኪናዋ ሁለት ሦስት ቀን ትቆይበት በተባለው ቦታ። አስከሬኑን ጭልጋ መውሰድ ነበር ሐሳቡ፤ ያ ሳምንት ግን መንገዱ ዝግ ነበርና ፀዳ ቀበርናቸው። ዘመዶቻቸው በስልክ አለቀሱ። ጤፋቸው ሳይወቃ፣ አውድማው ሳይለቀለቅ፣ በማያውቁት አፈር፣ በማያውቋቸው ሰዎች ትከሻ ሄዱ። እኔ ከሬሳ ሣጥኑ የፊት ቀኝ ጥግ ያዝኩ። ሌላ ሰው ሊቀበለኝ ሲል አልሰጥም አልኩ። ምን የሚሉት ግብዝነት ነው? እኔም አላውቅም። መሸከም ብቻ ነው የተማርነው።

ከቀብሩ በኋላ ልጄ በስልኳ ፈልጋ አስነበበችኝ። ይህ ባትሪ አንድ ዕቃ አይደለም ለካ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ባትሪዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ነው። አንዱ ሲጎዳ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ጎረቤቱን ያሞቃል፤ ጎረቤቱም ጎረቤቱን። ላዩ በውኃ ቢቀዘቅዝም ሙቀቱን ከውስጥ ለውስጥ ሲቀባበሉ ሰዓታት ይቆያሉ፣ አንዳንዴም ቀናት። ለዚህ ነው ራቅ አድርጉት የሚባለው። አንብቤ ስጨርስ ልጄ "አባዬ፣ ምን ሆንክ?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። እነዚያ ባትሪዎች እኛን እኛን መሰሉኝ፤ አንዱ ሲሞቅ ሌላውን እያሞቀ፣ ማንም "ቆይ እስኪ" ሳይል።

ፀዳ ውስጥ አሁን ሦስት የኤሌክትሪክ መኪና አለ። መምጣታቸው አይቀርም፣ ቤንዚኑም እንደሆነ አልተሻለውም። እኔ መኪና አልሰደብኩም፤ መኪናዋ ምን አደረገች? ሆዷን ተመታች፣ ተናገረች፣ ነደደች፣ ተመልሳ እንደምትነድም ተነገረላት። ያልሰማናት እኛ ነን። ባለቤቶቹ ግን ዛሬም አጥር ላይ እየጠሩኝ "መምህር፣ እስኪ ይችን ነገር እያት" ይሉኛል። ሰው እንዴት ከዚህ በኋላ ይጠይቀኛል? ይጠይቃላ! ሌላ ማንን ይጠይቅ?

በወሩ የእድሩ ስብሰባ ሆነ። እንደ ደንባችን ሐዘን የደረሰበት አባል በመጀመሪያው ስብሰባ ተነስቶ እድሩን ያመሰግናል፤ ዳኛውም በሁሉም ስም ይመልሳል። ከስድሳ የማያንስ ሰው ተቀምጧል። ደሳለኝ ጥቁር ለብሶ፣ ጺሙ አድጎ መጣ። አሁን የሚኖረው ከሚስቱ ጋር በኪራይ ክፍል ነው። ተነሳ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"ድንኳን ተክላችሁልኛል። ውኃ ቀድታችሁልኛል። አባቴን ሐኪም ቤት ድረስ ተሸክማችሁልኛል፣ ቀብራችሁልኛል" አለ። "መኪናዬንም ከሜዳ አንስታችሁ፣ በትከሻችሁ ተሸክማችሁ፣ ቤቴ ድረስ አግብታችሁልኛል። ውለታችሁን እኔ አልከፍለውም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ፊቱን አየሁት፤ ምፀት ፈለግኩበት። አንዲት የምፀት ጭረት ባገኝ፣ ከንፈሩ ትንሽ ብትጣመም፣ ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። የለችም። ሰውዬው ከልቡ ነው። እውነትም እያመሰገነን ነው።

መልሱ የእኔ ነው። ተነሳሁ። እውነቱን ልናገር ነው የተነሳሁት፤ "ደሳለኝ፣ ለዚህ አታመስግነን፣ አባትህን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ነግረውኝ ነበር" ልል ነው። ስድሳ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይጠብቀኛል፤ ይህን ካልኩ የሁሉንም ትከሻ ነው የምከሰው። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

"አብሮ ይስጠን" አልኩና ተቀመጥኩ።